በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው

«ያዙኝ! ኧረ ያዙኝ እንጂ!»

ዊልቸሯ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ የጮኸችው። የአሥረኛ ክፍሏ ልጅ ዘላ የዊልቸሩን እጀታ ጨበጠች፤ የክፍል ጓደኛዋም ከታች በሁለት እጁ ደገፈ። ሦስቱም ለዊልቸር በተሠራው ተዳፋት የጣውላ መወጣጫ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። መጀመሪያ ሳቋ ያመለጣት ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠችው ናት።

«ነፍሴን አተረፋችኋት። ልታጠፏት የነበራችሁትም እናንተው ናችሁ እንጂ!»

ዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ትምህርቱን ከሥሩ ሊለውጥ ተነስቷል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ አዲስ ገቢዎች ገና ከመግባታቸው ለአንድ ሰው የሚያገለግል ነገር ይሠራሉ፤ ንድፈ ሐሳቡን የሚማሩት እየሠሩ ነው። አዲሱን አካሄድ ለመሞከር ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ተጋብዘዋል። ልጅቷን ጎትጉቶ እንድትመጣ ያደረጋት ይኸው ጓደኛዋ ነው። ሒሳብ ስለሚችል «ካልኩሌተር» ይሉታል። እሷ ግን በሒሳብ መካከለኛ ናት፤ ምህንድስና የእኔ ነገር አይደለም ብላ ከተወችው ቆይታለች። ጠዋት በመኪና ያደረሳት አጎቷም «ዘንድሮ ሁሉን ኮምፒውተር ይሠራዋል የኔ ልጅ፤ ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ምን ልትሠሪ?» ብሏት ነበር።

እውነትም የቤተ መጻሕፍቱን የኋላ በር መወጣጫ የነደፈው ኮምፒውተር ነው። ካልኩሌተር የደረጃውን ከፍታ አስገባ፤ ማሽኑ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሁሉንም ልክ አወጣ። እነሱ ጣውላውን ቆርጠው፣ በብሎን አስረው፣ እስከ በሩ አፍ ድረስ ገጠሙት።

«ስሌቱ ልክ ነው!» አለ ካልኩሌተር ፊቱ ቀልቶ። «ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

«ልክ ነው» አለች ተማሪዋ። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ናት፤ መወጣጫውን ልትሞክርላቸው በፈቃዷ ነው የመጣችው። «በሩ ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። እሱን ለመሳብ አንድ እጄን ከጎማው ላይ ማንሳት አለብኝ፤ ዊልቸሩ ደግሞ ቁልቁል ይሄዳል። ኮምፒውተራችሁ ሦስተኛ እጅ ይሠራልኛል እንዴ?»

ልጅቷ ከጎን ቆመው የሚያዩት መምህር ይቆጣሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን እያፋተጉ ቀረቡ።

«ጎሽ! አሁን ገና ትምህርት ጀመርን። ወደ ቤት የሚመልሳችሁ አውቶቡስ እየመጣ ነው፤ መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ መቆየት የፈለገ ይቆይ።»

«አቦ እንሂድ፤ ተበላን በቃ» አለ ካልኩሌተር ቦርሳውን እያነሳ።

ልጅቷ ወደ በሩ ሄደች። በሩን ከፈተችው፤ ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው።

«ቅር ካላለሽ... ዊልቸሩ ላይ ልቀመጥ?»

«እኔን የት ልታደርጊኝ? ወርክሾፑ ውስጥ ትርፍ ዊልቸር አለ፤ እሱን አምጪ።»

አምጥታ ተቀመጠች። ካልኩሌተር ከኋላዋ እየጠበቃት ጎማውን እየገፋች ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ክንዷ ዝሎ ነበር። አንድ እጇን ወደ በሩ ስትሰድ ዊልቸሩ ሸርተት አለ፤ ካልኩሌተር ከኋላ ያዛት።

«ወይኔ! ሌላ በር ላይ እንዴት ታደርጊያለሽ?»

«በሩ ፊት ደልዳላ ሜዳ ካለ ጎን ላይ እቆምና እከፍታለሁ። ሜዳ ካገኘሁማ ንግሥት ነኝ!»

ልጅቷ ጠመኔ ይዛ ወረደች። «እስቲ እንደዚያ ቁሚልኝ» አለቻት። ተማሪዋ ከመወጣጫው ሥር ሲሚንቶው ላይ ዊልቸሯን ጎን አዙራ፣ በሩን እንደምትስብ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ በጉልበቷ ተንበርክካ በጎማዎቹ ዙሪያ አሰመረች። ልቧ ለምን እንዲህ ደስ እንዳለው አላወቀችም።

ካልኩሌተር መስመሩን አየ። «ይህን ያህል ሜዳ ካስፈለገ እኮ ቦታው አይበቃም፤ መወጣጫው መታጠፍ አለበት።»

«ታዲያ አስላዋ!»

ቦርሳውን አስቀመጠ።

ከግቢው በር አውቶቡሱ ክላክስ አደረገ። የሌላ ቡድን ልጆች እየተሯሯጡ በአጠገባቸው አለፉ። ካልኩሌተር ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ወደ አውቶቡሱ አልዞረችም። መፍቻውን አንስታ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረች።