ጋሽ ቀትሩ ሲያንኮራፋ

ወላሂ የምነግራችሁ ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ያላመነ ሸዋ ሮቢት ይውረድና አደባባዩ ፊት ለፊት ጁስ ቤት ያላትን ኢልሀምን ይጠይቅ። እኔ ነኝ።

የሚያስፈራ ነገር በጨለማ ነው የሚመጣው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የእኔው የመጣው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው... ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ።

የእኛን ከተማ ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ግንቦት ላይ ሰባት ሰዓት ሲሆን መንገዱ ጭር ይላል። ባጃጆች ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ስር ይደረደራሉ። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል። ውሻ እንኳ አይጮህም።

በዚያ ሰዓት አደባባዩ ላይ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ቀትሩ።

ጋሽ ቀትሩ ሐውልት ነው። የሠራው ታላቅ ወንድሜ ኡበይድ ነው፤ ሙያው ብየዳ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የአደባባዩ ኮሚቴ "ለከተማችን የሚሆን አንድ ነገር ሥራልን" አለው። ሁሉም ሰው ማንጎ ወይም ግመል ይሠራል ብሎ ሲጠብቅ እሱ የተኛ ሰው ሠራ።

ከአሮጌ በርሜልና ከሽቦ፣ ላዩን በሲሚንቶ። ርዝመቱ ስድስት ሜትር። በጀርባው ተንጋሎ ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቦርጩ ወጥቷል። አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል። አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ተሳቀበት። "ሰነፍ አድርጎ ሳለን" ያለም ነበር። አባታችን "ነፍስ ያለው ነገር አይቀረጽም" ብሎ ሁለት ወር አላናገረውም።

ከዚያ ግን ሰው ወደደው። ከልቡ ወደደው።

በባጃጅ ጀርባ ላይ ተሳለ። የኳስ ቡድናችን ማልያ ላይ ወጣ። ሙሽሮች ቦርጩን ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ። በረመዳን ኮፍያ ያደርጉለታል፣ በጥምቀት ነጠላ ያለብሱታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ይቆማል። የእኔም ጁስ ቤት የሞላው በእሱ ነው።

ማንም ያን ፊት ከየት እንዳመጣው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

ባለፈው ግንቦት ነው የጀመረው።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ማንኮራፋት ሰማሁ። ረጅም፣ ደረቅ... ጉሮሮው የተሰነጠቀ ሰው ዓይነት።

ባጃጅ ነጂው ኢብሮ ሁልጊዜ ከጁስ ቤቴ በር ላይ ባጃጁ ውስጥ ይተኛል። እሱ ነው ብዬ ወጣሁ።

ኢብሮ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል።

"አንቺም ሰማሽው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አንተ መስለኸኝ ነው።"

"እኔ አልተኛሁም።"

ሁለታችንም ወደ አደባባዩ ዞርን።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ... እንደገና።

"በርሜል ነው" አለ ኢብሮ። "ውስጡ ባዶ ስለሆነ ንፋስ ገብቶበት ነው።"

ንፋስ አልነበረም። የጁስ ቤቴ መጋረጃ ንቅንቅ አላለም።

ተሻግሬ ሄድኩ። አስፋልቱ ጫማዬን ሊያቀልጠው ነው። በዚያ ሰዓት ሲሚንቶ ብትነኩ እጃችሁ ይቃጠላል። እጄን ግንባሩ ላይ አደረግኩ።

አላቃጠለኝም። ለብ ያለ ነበር... ትኩሳት እንዳለበት ሰው። እጄን ሳነሳው ርጥብ ነው።

በዚያው ቀን እትዬ ዘውድነሽ ተኙ።

እትዬ ዘውድነሽ ከወንድሜ ብየዳ ቤት ጎን ሽንኩርት የሚሸጡ ሴት ናቸው። ቀትር ላይ ጆንያቸውን ተደግፈው አሸለቡ። አሥር ሰዓት ላይ ልጃቸው ማህሌት ልትቀሰቅሳቸው ብትነቀንቃቸው አልነቁም። ይተነፍሳሉ። ልባቸው ይመታል። ግን አልነቁም።

ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ መርምረው ምንም አላገኙም። ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እንደተኙ።

ማታ ለኡበይድ ስነግረው እጁ ላይ የነበረው ጉርሻ ወደቀ።

"የትኛዋ ዘውድነሽ? ሽንኩርት የሚሸጡት?"

"አዎ።"

"እሳቸውም አይተውት ነበር" አለ።

"ማንን?"

የወደቀውን ጉርሻ ከወለሉ መለቃቀም ጀመረ።

"ኡበይድ... ማንን?"

"ፊቱን ከየት እንዳመጣሁት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለ።

የነገረኝን እንዳለ ልንገራችሁ።

ሐውልቱን ሲሠራ ፊቱ እምቢ ብሎት ሳምንት ተቸገረ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከብየዳ ቤቱ ግድግዳ ስር፣ ጥላው ውስጥ አንድ ወጣት ተኝቶ አገኘ። እግረኛ ነው። ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ከሚሄዱት አንዱ። እግሩ ቆስሏል። አንድ ጫማ ብቻ ነው ያለው።

"ስፈልገው የነበረው እንቅልፍ ፊቱ ላይ ነበር" አለኝ ኡበይድ። "ሁለት ቀን ሙሉ እሱን እያየሁ ሠራሁ። ቦርጩን ብቻ ነው ከራሴ የጨመርኩት፤ ሰው እንዲስቅ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ተኝቶ?"

"ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃ ልስጠው ብዬ ጆግ ሞላሁ።"

"እና?"

ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"ከነቃ ፊቱ ይጠፋብኛል ብዬ... ጆጉን መለስኩት።"

በሦስተኛው ቀን ዝንብ ወረረው። የመስጊድ ልጆች አጥበው ቀበሩት። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ነገር በእኛ መንገድ ላይ ስለሚያጋጥም ከተማው በሳምንቱ ረሳው።

"ከመተኛቱ በፊት እትዬ ዘውድነሽን ውሃ ለምኗቸው ነበር" አለ ኡበይድ። "ሰካራም መስሏቸው አባረሩት። ኢብሮንም ሸኘኝ ቢለው ጥሎት ሄደ።"

"እኔ ግን አላየሁትም" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ቀና ብሎ አየኝ።

"ኢልሀም... ምሳ ስታመጪልኝ በላዩ ተሻግረሽ ነው የገባሽው። ሁለቱንም ቀን።"

አላስታውስም ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ፊቱ አይደለም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ የተሻገርኩት ባዶ እግር።

በማግስቱ ኡበይድ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ፍቃዱ ዘንድ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ሐውልቱን ላንሳው። በሌላ እተካዋለሁ።"

ጋሼ ፍቃዱ ሳቁ። "ጋሽ ቀትሩን? አብደሃል? ከተማው እኮ እሱ ነው!"

"ጋሼ፣ የሞተ ሰው ፊት ነው።"

"ሐውልት ሁሉ የሞተ ሰው ፊት ነው፣ ልጄ" አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ኡበይድ በዚያው ቀን ድጅኖ ይዞ ወጣ። አንዴ ብቻ መታው። ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ በዚያ ሙቀት ሰው ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድጅኖውን ቀምተው መሬት ላይ ጣሉት። የገዛ ጓደኞቹ ናቸው። አንዲት ሴት እያለቀሰች የተመታውን ቦታ በነጠላዋ ትጠርግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኡበይድ የቀረውን አንድ ነገር አደረገ። ውሃ ማጠጣት።

በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በጄሪካን ውሃ ተሸክሞ ደረቱ ላይ ይወጣል። በተከፈተው አፍ ያፈስሳል። ሃያ ሊትር። ሰው "እብዱ ኡበይድ" እያለ በስልክ ይቀርጸዋል።

ውሃው ይገባል... አይወጣም። ከስሩ ዞሬ አይቻለሁ። ሲሚንቶው ተሰንጥቋል፣ በርሜሉ ዝጎ ተበስቷል። አፈሩ ግን ደረቅ ነው።

ማንኮራፋቱ አልቆመም።

በሠላሳኛው ቀን እትዬ ዘውድነሽ ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ማህሌት ወደ ጓዳ ሳበችኝ።

"ኢልሀም፣ ለማንም አትንገሪ። እናቴ ስትሞት ፀጉሯ ርጥብ ነበር። ፍራሹ ርጥብ ነበር። ማንም ውሃ አላፈሰሰባትም።"

"ላብ ይሆናል።"

"ላብ ከአፍ ይወጣል?" አለችኝ።

ኢብሮ ይህን ሲሰማ ባጃጁን ሸጦ ደብረ ሲና ወጣ። "ብርድ አገር ቀትር አያገኘኝም" ብሎ። በአራተኛው ቀን እህቱ ደወለች። ጉም ባለበት ሰዓት፣ ጋቢ ለብሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ... ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተኝቷል። እሱም በሠላሳኛው ቀን ሞተ።

ከዚያ ኡበይድ።

ጄሪካኑን ባዶ አድርጎ መጣና ጁስ ቤቴ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

"ደከመኝ" አለ።

"እንዳትተኛ! ኡበይድ! በረዶ ላምጣልህ..."

ዘወር ብዬ በረዶ እስካነሳ ድረስ ብቻ ነው። ስመለስ አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል።

በጥፊ መታሁት። ጮህኩ። በረዶውን አንገቱ ስር ከተትኩ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "አቤት፣ ቁርጥ ጋሽ ቀትሩን!" ብሎ ፎቶ አነሳው።

ቤት ወስደን አስተኛነው። እናቴ ቁርአን ታስቀራለች። እኔ አጥበዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን እግሩን ሳጥብ ውስጥ እግሩ ውሃ ቋጥሯል። ከአልጋ ያልወረደ ሰው።

በሰባተኛው ቀን ቁስሉ ፈነዳ። በጣቶቹ መሃል ጥቁር ጠጠር አገኘሁ። በእኛ አገር እንዲህ ዓይነት ድንጋይ የለም። ወደ አፋር በረሃ ወርጄ አላውቅም፤ ወደዚያ የሚነዳው ረድዋን ሲያየው ግን "ይሄ ከታች ነው፣ ከሩቅ" አለኝ።

በየቀኑ እግሩ ይብሳል። እየሄደ ነው። ተኝቶ ያ ልጅ ያልጨረሰውን መንገድ እየሄደ ነው።

ጆሮው ስር እጮሃለሁ። "ተመለስ! ኡበይድ፣ ተመለስ!" ሽፋሽፍቱ እንኳ አይንቀሳቀስም።

በሃያ ስድስተኛው ቀን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርጥብ ሆኖ አገኘሁት። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት።

ጨው ነው።

በማግስቱ እስከ ጉልበቱ። ከዚያ እስከ ወገቡ። ፎጣ በፎጣ አደርቀዋለሁ፤ ከስር ይመጣል። ልብሱን ብቀይርለት ይርሳል። ሐኪም ቤት አስር ጊዜ ሄድኩ። ሼሁም መጡ፣ ቁርአን ቀሩበት፣ እጁን ይዘው አለቀሱና ሄዱ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ አልቀመጥም። ቆሜ እውላለሁ። በረዶ አፌ ውስጥ ይዤ እቆማለሁ። ትናንት ግን ቆሜ ሳለሁ ለጥቂት ጊዜ ዓይኔ ተከደነ። ስነቃ የግራ እግሬ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው። የከተማው ሰው አይሰማኝም። ዛሬ ጋሽ ቀትሩን አዲስ ቀለም እየቀቡት ነው፤ ሦስተኛ ዓመቱን ሊያከብሩለት። ሙዚቃው እዚህ ድረስ ይሰማል።

ዛሬ ሠላሳኛው ቀን ነው።

ስልኬ ላይ ሰባት ሰዓት ከአምስት ይላል። ኡበይድ አጠገብ ቆሜያለሁ። ውሃው ደረቱን አልፏል። አንሶላው ከአልጋው ጠርዝ ይንጠባጠባል... እናቴ ባልዲ ደቅናለች።

አሁን አንገቱ ጋ ደረሰ።

አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

አፉን ከፈተ...

አየር በረጅሙ ሳበ...

ያዘው።