ያልተወለወለው ቀይ መብራት

ሟቹ ጥገና ክፍሉ ውስጥ፣ መለኪያ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ ደም የነካው መፍቻ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ መስቀለኛ መንገድ ወርዶ የመጣው ቀይ የትራፊክ መብራት አቧራውን እንደለበሰ እስካሁን ይበራል። የሰውየው ሥራ የመብራቶችን ድምቀት እየለካ የደከሙትን ማስቀየር ነበር።

መርማሪው መዝገቡን አነሳ። የመጨረሻው መስመር «3፡00 ሰዓት፣ ቀይ፣ 400» ይላል። አራት መቶ! መርማሪው እንዲህ ድፍን ያለ ቁጥር ሲያይ ደስ አይለውም።

«ምን ያጠያይቃል?» አለ አለቃው። «እኔ ሁለት ተኩል ላይ ለስብሰባ ወጥቻለሁ። መዝገቡ እንደሚለው ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር። ከዚያ ወዲህ የገባው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እጁም በደም ተነክሮ ተገኘ።»

«ላነሳው ብዬ ነው! በልጆቼ እምላለሁ!» አለ ሾፌሩ፣ በካቴና እንደታሰረ።

የመብራቶቹን መስታወት የምትወለውለው የሾፌሩ ሚስት መርማሪው እግር ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ ባሌን እንዳይወስዱብኝ! ዶሮ እንኳ ማረድ የሚፈራ ሰው ነው፤ ጎረቤት ጠርተን ነው የምናሳርደው!»

«ተነሺ ልጄ። ይልቅ ንገሪኝ፤ ሟቹ እንዴት ነበር የሚለካው?»

«ሁለት ጊዜ ነዋ። መጀመሪያ ከነአቧራው ለክቶ ይጽፋል። ከዚያ ‹ነይ ፊቱን እጠቢልኝ› ይለኛል። ስወለውለው እንደገና ይለካል። ያኔም ካልደመቀ ይቀየራል።»

«ዛሬስ ጠራሽ?»

«ኧረ አልጠራኝም። ግቢ ሆኜ ስጠብቀው ነበር።»

መርማሪው ገጾቹን ገለጠ። የሟቹ መስመሮች ሁሉ ሁለት ሁለት ቁጥር አላቸው፤ የመጨረሻው ግን አንድ ብቻ። ያለፈውን ወር ሪፖርት አስመጣ። ያው መብራት፣ ያው 400፤ ከሥሩ የአለቃው ፊርማ።

«ባለፈው ሳምንት ተማሪዋ የተገጨችው እዚህ መብራት ሥር ነው?»

«ባለመኪናው ቀዩን አላየሁም ብሏል» አለች ሴትየዋ።

ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው። «በይ ለኪው፤ ስታይ ኖረሻል።»

መለኪያውን መስታወቱ ላይ ገጠመችው። «መቶ ሰማንያ።»

«ወልውዪውና ድገሚ።»

«ሁለት መቶ አስር።»



«እንግዲህ ይህን መብራት የለካ ሰው አራት መቶ አያገኝም» አለ መርማሪው። «መስመሩን የጻፈው ያልለካ ሰው ነው። አራት መቶ መብራቱ ታሽጎ በሚመጣበት ካርቶን ላይ ተጽፏል፤ የአዲስ መብራት ድምቀት ነው። እርስዎ፣ አለቃ፣ ባለፈው ወር ከዚያ ገልብጠው ፈረሙ። ሟቹ ዛሬ ለክቶ ጉዱን አወቀ። መዝገቡ ላይ ሳያሰፍረው ገደሉት፤ ሊወጡ ሲሉም ‹3፡00› ብለው መስመሩን ራስዎ ጻፉ። ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት መታየቱ ሾፌሩን ገደል ይከተዋል እንጂ ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ቀድሞ ለወጣው፣ ለእርስዎ ነው።»

አለቃው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «መለኪያው እኮ እጄ ሥር ነበር፤ ምናለ ለክቼ በጻፍኩ!» አለ።

«መለካት አልለመዱማ።»

ካቴናው ከሾፌሩ እጅ ወደ አለቃው ዞረ። የሾፌሩ ሚስት እያለቀሰች በመወልወያው ጨርቅ የባሏን እጅ ጠረገችለት።

«መስቀለኛው አሁን መብራት አለው?» አላት መርማሪው።

«የለውም።»

«እንግዲያ አዲሱን ለክታችሁ ቶሎ ውሰዱ። ተማሪዎቹ ሊወጡ ነው።»