ከሸሚዜ ጀርባ የተሰፋው ድንጋይ

አያቴ ግራዝማች በለጠ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዓይናቸውን ከድነው አያውቁም። አባቴ አቶ ወልደየስ በፍርድ ቤት ሲያስችሉ ጀርባቸው የወንበር መደገፊያ ነክቶ አያውቅም። በቤታችን በቀን ማንቀላፋት ነውር ነበር። ማንኮራፋትማ ስሙም አይነሣም።

ይህን ማስቀደሜ የምጽፈውን ነገር ቅዠት ነው እንዳትሉኝ ነው። እኔ ጀምበሩ ወልደየስ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርሁ፤ ያላየሁትን ያለ እማኝ አልጽፍም። ነገሩ የጀመረው በ1978 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

በጠራራ ፀሐይ...

በዚያ ዘመን አንገቴ ወፍሮ ነበር። ጧት ራሴን እየፈለጠኝ፣ አፌ እንደ ኩበት ደርቆ እነሣለሁ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳላስበው አንቀላፋለሁ። አንድ ቀን ሰብሳቢው «አባት፣ አብዮቱ አሰለቸዎት እንዴ?» ብሎ ሕዝቡን አሳቀብኝ። እኔ ግን በዚያ ሳቅ ውስጥ ማስፈራሪያም ሰማሁበት።

ባለቤቴን ጥሩነሽን ያገባኋት የልጄ የብሩ እናት ከሞተች በኋላ ነው። አንድ ጧት ቁርስ ላይ ሳለን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«ሌሊት ያንኮራፋሉ... ከዚያ ዝም ይላሉ። ትንፋሽዎ ይቆማል።»

«እኔ አላንኮራፋም።»

ይህን ያልሁት በልጄ ፊት ነው። እርሷም ከዚያ ወዲያ አላነሣችውም።

ትናንሽ ነገሮችን ማስተዋል የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የጥሩነሽ ዓይኖች እየጎደጎዱ ሄዱ። ትከሻዬ ላይ የበለዘ ምልክት አገኘሁ፤ የጣት ጫፍ ያህላል። ሌሊት በጀርባዬ ስንጋለል ደግሞ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል...

ያገኘው ብሩ ነው። የሌሊት ሸሚዜ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ጀርባው ላይ የተሰፋ ኪስ አየ። በምላጭ ተረተረው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል ድንጋይ እግሩ ሥር ወደቀ፤ መጠኑ የእንቁላል ያህል ነው።

«መተት ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ቤቱን ፈልጋ ነው።»

ጥሩነሽ ተጠርታ መጣች። የጥርስ ሐኪሙ ዓሊዩ እንደ መከራት ተናገረች። ጥርሴን ሊነቅልልኝ በሄድን ጊዜ ለብቻው ጠይቃው ኖሯል። ትንፋሼ የሚቆመው በጀርባዬ ስተኛ ስለሆነ፣ ሌሊት ሙሉ ትከሻዬን በእጇ እየገፋች ማዞሩ ቢያታክታት፣ ድንጋዩ እየቆረቆረ ወደ ጎን እንዲያዞረኝ ሰፋችው። የደበቀችኝ እንዳላፍር ብላ ነው።

ብሩ ሳቀ። የጥርስ ሐኪም ከመቼ ወዲህ እንቅልፍ ያክማል ሲል አፌዘባት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ያቺን ቃል ለማውጣት ግን አንኮራፋለሁ ብዬ ማመን ነበረብኝ።

ወለሉን አየሁ።

በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ ቦርደዴ ወደምትኖረው እኅቷ ወደ ሙሉ ሄደች። ብሩን አልወቀሰችውም። ለእኔም ከደጃፉ ላይ ዞር ብላ «በጎንዎ ይተኙ» ብቻ አለችኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ አሸነፈኝ። የአባቶቼን ነውር ሰው እንዳያይብኝ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ተጋደምሁ።

ትከሻዬን የገፋኝ ነገር ቀሰቀሰኝ።

በጎኔ ተኝቻለሁ። ክፍሉ ባዶ ነው። በሩም እንደ ተቀረቀረ ነው...

ብሩን ጠርቼ ጠየቅሁት። ግቢ ውስጥ እንደ ነበረና እንዳልነካኝ ነገረኝ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከእግርጌዬ ተቀምጦ ሊጠብቀኝ ወሰነ።

ያየውን እንደ ነገረኝ እጽፋለሁ።

አንኮራፋሁ። ከዚያ ዝም አልሁ። ደረቴ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ከንፈሬ ጠቆረ። ብሩ ሊቀሰቅሰኝ ተነሣ። ያን ጊዜ ትከሻዬ ላይ ያለው ጋቢ ወደ ውስጥ ገባ... በእጅ እንደ ተጫነ ሊጥ።

አራት ጣት።

ሰውነቴ ወደ ጎን ተንከባለለ፤ ከውኃ እንደ ወጣ ሰውም አየር ሳብሁ። ዓይኔን ስገልጥ ብሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«ማን ነው የገፋዎት?»

ትከሻዬን ዳበስሁ።

ብሩ ያን ድንጋይ ይዞ ወደ ዓሊዩ ሮጠ። ዓሊዩ ነገሩን እንደ ቀላል አስረዳው። የታች መንጋጋዬ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ነው፤ ስተኛ ምላሴ ወደ ጉሮሮዬ ወድቆ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ቀን የሚያስተኛኝም ሌሊት ሙሉ የምታገለው ትግል ነው። በውጭ አገር ጥርስ ላይ ተገጥሞ መንጋጋን ወደፊት የሚይዝ ነገር መሥራት ጀምረዋል፤ እርሱም ሊሞክርልኝ ይችላል።

«ወላሂ፣ እሞክራለሁ» ብሎታል። «ግን እኒያን ሰውዬ አፋቸውን ማን ያስከፍትልኛል? ሚስታቸውን መልሳችሁ አምጡልኝ።»

እኔና ብሩ ቦርደዴ የደረስነው በቀትር ሐሩር ነበር። ሙሉ በር ላይ ተቀበለችን፤ ግቡ አላለችንም።

«ተኝታለች» አለች። «ድምፃችሁን ቀንሱ። ከመጣች ጀምሮ ክንዷን ያማታል። ምን እንዳሠራችኋት እንጃ።»

ጥሩነሽ ከግቢው ማዶ፣ ከዳሱ ሥር፣ ሰሌን ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ ወደ እኛ ነው። እስክትነቃ ልጠብቅ ብዬ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። የምናገረውን ቃል በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን የአውቶቡሱ ድካም፣ ሙቀቱ... ራሴ ወደ ኋላ ዘመመ።

ትከሻዬ ተገፋ።

እየታፈንሁ ነቃሁ። አጠገቤ ማንም የለም።

ከግቢው ማዶ ጥሩነሽ ዓይኖቿ እንደ ተከደኑ ናቸው። ቀኝ እጇ ግን አየር ላይ ተዘርግቷል፤ አራቱ ጣቶቿ ገፍተው እንደ ቆሙ ናቸው።

ብሩ በመካከላችን ቆሟል። እጇን አየ። የእኔን ትከሻ አየ። ከዚያ ሄዶ ከሰሌኑ አጠገብ ተንበረከከ። እኔ ባዘጋጀሁት ቃል እርሱ ቀደመኝ።

«እትዬ ጥሩነሽ» አላት በሹክሹክታ። «ተሳስቻለሁ።»

አልነቃችም።

እጇም አልወረደም...