ያልታጠበው ጃኬት

ጃኬቱን ሳፋው ውስጥ ልትነክረው ስትል በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ጠዋት ሲወጣ «ዛሬውኑ እጠቢልኝ፤ እጅጌውን በደንብ አሺው» ብሏት ነበር። ልብስ ይታጠብልኝ ብሎ ጨቅጭቋት አያውቅም።

ደጃፉ ላይ የቆሙት አንዲት መርማሪ ነበሩ። ትላንት ከሰዓት ወንድሟ በሚጠብቀው መጋዘን ጥይት ተተኩሶ የአንድ ወዛደር እግር መትቷል። ጥበቃዎቹ ሁለት፣ ወንድሟና አንድ ሽማግሌ፤ ጠመንጃው ግን አንድ። ወንድሟ «ሽማግሌው ሲወለውሉት ባረቀባቸው» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሽማግሌው «ኧረ እኔ አልነካሁትም!» እያሉ ታሰሩ። እኚህ ሰው እሷን ባዩ ቁጥር «ፕሮፌሰሯ መጣች!» ብለው ወንበራቸውን የሚለቁላት ናቸው።

«ወንድምሽ ጃኬት አልለበስኩም ብሎን ነበር» አሉ መርማሪዋ። «ሠራተኞቹ ግን ለብሶ ነበር ይላሉ። ጠመንጃ ሲተኮስ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይረጫል፤ እጅና እጅጌ ላይ ይቀራል። ከታጠበ ግን አብዛኛው ይጠፋል።»

«ከተገኘበት… የተኮሰው እሱ ነው ማለት ነው?»

«አይደለም። አጠገቡ የቆመም ላይ ያርፋል። ብናኙ ብቻውን አይፈርድም፤ ከሌላው ማስረጃ ጋር ነው የምናየው።» ዓይናቸው ሳፋው ላይ አረፈ። «ታጥቧል እንዴ?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በዚህች ክፍል ያሉት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። እሱ ከሄደ ማታ የምታወራው ከግድግዳው ጋር ነው። ግን ሽማግሌውም ዘመድ የላቸውም። ትላንት ማን ጠየቃቸው?

«አልታጠበም» አለች። ድምፁ የራሷ አልመስላት አለ።

መርማሪዋ ጓንት አጥልቀው ጃኬቱን ሳያራግፉ በወረቀት ከረጢት አሸጉት። «አብሮሽ የሚሆን ሰው አለ?»

«አለ» ብላ ዋሸች።

ብቻዋን ስትቀር ስልኳን አነሳች። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእሷ ይስማው። «ጋሼ፣ ጃኬቱን ሰጠኋቸው። ሳላጥበው።»



«ምን አደረግሽኝ፣ አንቺ ልጅ?» አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ባረቀብኝ እኮ። ሆን ብዬ አይደለም። ብታሰር አንቺ ከማን ጋር ትሆኛለሽ ብዬ ነው የፈራሁት።»

ሳፋውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «እኔ አለሁ። ሂድና ራስህ ንገራቸው።»

ስልኩ ተዘጋ። ይሂድ አይሂድ አታውቅም። ከምሳ የተረፈውን ምግብ በሁለት ሳህን ከፈለችው፤ አንዱ ለሽማግሌው፣ ሌላው ምናልባት ለእሱ። በፌስታል ቋጥራ በሩን ቆለፈችና የፖሊስ ጣቢያውን መንገድ ያዘች።