የድራመሩ ጣቶች

የመጀመሪያው ድንጋይ የሚኒባሱን የፊት መስታወት ሲመታ ሹፌሩ እያፏጨ ነበር። ሁለተኛው ፉጨቱን ከአፉ ላይ ቆረጠው። መስታወቱ ረግፎ ጭኑ ላይ ተዘረገፈ፤ ሹፌሩ ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ መሪው ላይ ተደፋ፤ በጣቶቹ መሀል ደም ይንጠባጠብ ጀመር።

«ጎንበስ በሉ» አለ ዘፋኞቹን የሚያጅበው ድራመር ከኋላ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልጆች፣ ወንበር ሥር ግቡ።»

ድንቡሼ ወንበር ሥር ገባች። ድንቡሼ የሚሏት ሕፃን ሳለች ጉንጯ ያበጠ ስለነበር ነው፤ አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት እንደ ሸምበቆ ብትመዘዝም ስሙ አልለቀቃትም። አጠገቧ አራት የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ክበብ ልጆች አንዷ ባንዷ ላይ ተደራርበዋል። አምስቱም ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ጉርድ ለብሰዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስታዲየም ውስጥ፣ ከታወቁ ዘፋኞች ኋላ ቆመው መቀበል ነበረባቸው።

ዘፋኞቹ ሰባት ናቸው። ገሚሶቹ ለዓመታት መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ ፊት የሚነሳሱ ነበሩ። አሁን ግን ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባንድ መኪና ተሳፍረው አሥራ አንድ ከተማ ሊዞሩ ወጥተዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሰውዬ በዘፈን እናወርዳለን ማለታቸው ነው። መግቢያው የምርጫ ካርድ ነበር፤ ካርድ ያላወጣ አይገባም። ድምፅ ልትሰማ ከፈለግህ ድምፅ ልትሰጥ ተመዝገብ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ባለፈው ከተማ ወጣቱ ካርድ ለማውጣት ሲጋፋ የምዝገባ ጣቢያውን አጥር ጥሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ዘፋኞቹን ሰካራምና ቅጥረኛ ሳይሏቸው የዋሉበት ቀን የለም።

ሚኒባሱ የቆመው በስታዲየሙ የጓሮ በር ፊት፣ ጣውላ በሚሸጥባቸው የእንጨት ቤቶች መሀል ባለው ጠባብ መንገድ ነው። ከፊት በጣውላ የተጫነ ጋሪ ተጋድሟል። ከኋላ ደግሞ የሰውዬውን ፓርቲ ነጭ ኮፍያ ያጠለቁ አርባ ያህል ጎረምሶች መንገዱን ሞልተውታል። ዱላ የያዘ አለ፣ ፌሮ የያዘ አለ።

ከሰባቱ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንጋፋው ዘፋኝ፣ በሩን ከፍተው ወረዱ። እጃቸውን ወደ ላይ አድርገዋል።

«ልጆቼ» አሉ፤ «እዚህ ውስጥ ያለው ጊታርና ሕፃናት ነው። መኪናውን...»

የቀረውን መናገር አልቻሉም። አንዱ በዱላ አፋቸውን አላቸው። ወደቁ፤ ሊነሱ ሲሉ ሌላው በጫማው ጎናቸውን መታቸው፣ ሦስተኛው ደገመ። ድንቡሼ በወንበሩ እግር ሥር በተከፈተው በር አሻግራ፣ እናቷ ልብስ ስታጥብ ዘፈናቸውን የምታንጎራጉርላቸው ሰውዬ አፈር ላይ ጥርሳቸውን ሲፈልጉ አየች።

ድራመሩ ያኔ በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ወፍራም ነው፤ በሩን ሞላው። «በዚያኛው ጎን መስኮት» አለ ፊቱን ሳያዞር። «አንድ በአንድ። አትጋፉ፣ አምስታችሁም ትወጣላችሁ።» ጀርባው ላይ ዱላ ሲያርፍ ይሰማል፤ ምንጣፍ ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት ነው። እሱ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለም።

ሌሎቹ ዘፋኞች ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አነሷቸው፤ ድንቡሼ የመጨረሻዋ ነበረች። ከመስኮቱ ስትወድቅ ጉልበቷ ተላጠ። ልትነሳ ስትል አንድ እጅ ከኋላ አንገትጌዋን ጨምድዶ አነሳት።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ወንድሟ ነበር። አቡሽ። ነጩ ኮፍያ ግንባሩ ድረስ ወርዷል፣ በብብቱ ፌሮ ይዟል።

«ከክበቡ ጋር... የትምህርት ቤቱ መኪና ቀርቶብን...»

«ዝም በይ። ነይ።»

በሰው መሀል እየገፋ፣ አንዱን በክርኑ እየጎሸመ፣ አንዱን «እህቴ ናት፣ ዞር በል» እያለ አሳለፋት። ከእንጨት ቤቱ ግንብ ሥር ሲደርሱ ወገቧን ይዞ ልክ እንደ ልጅነቷ ወደ ላይ አነሳትና ግንቡ ላይ አስቀመጣት። «በዚያ በኩል ዝለይና ላሽ በይ። ወደኋላ እንዳታዪ።»

አየች።

ድራመሩን ከበሩ ጎትተው አውጥተውታል። አራት ሆነው ይዘውታል። አንዱ ቀኝ እጁን ጎትቶ የሚኒባሱ መረገጫ ላይ አጋደመው። «እንጀራው ይህች እጅ ነች» አለ አንድ ድምፅ፤ ሌሎቹ ሳቁ። አቡሽ ደረሰ። አንድ አፍታ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሁሉም እሱን ያያሉ። ፌሮውን በሁለት እጁ አነሳና አወረደ። ድምፁ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ነው። ድራመሩ ያኔ ጮኸ። አቡሽ ደገመው።

ፖሊስ ጣቢያው ከስታዲየሙ ማዶ ነው፤ መንገድ መሻገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ፖሊሶቹ የደረሱት ግን ሚኒባሱ መንደድ ከጀመረ በኋላ ነበር። የመጀመሪያው አስለቃሽ ጭስ ሲፈነዳ ድንቡሼ ከግንቡ ወዲያ፣ እንጨት ፍቅፋቂ ላይ ወድቃ ነበር።

*

አቡሽ አመሻሹ ላይ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ራቱን እየበላ ሳለ እናታቸው ከሥራ ገባች። የሆስፒታሉ ቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ናት። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ነጩ ሸራ ጫማ አፍንጫው ላይ በደም ጠቁሯል።

«ከመንገደኛው ጋር አሥራ ዘጠኝ ሰው ሰፋን» አለች ወንበር ላይ ዘጭ እያለች። «ሹፌሩ ግንባሩ ተሰፋ፣ ይተርፋል። ጋሼ ሁለት ጎድናቸው ተሰብሯል። ያ ድራም የሚመታው ልጅ ግን...» እጇን አየችው። «ሦስቱን ጣቶቹን ቆረጥን። አጥንቱ ዱቄት ሆኗል፣ ምኑ ይጠገናል።»

አቡሽ ጎረሰ።

«እኔን የቸገረኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለች እናታቸው። «እናትየዋ። እንዲህ ያለውን ያሳደገች ሴት እዚሁ ከተማ ውስጥ አለች። አሁን ራት እየሰጠችው ይሆናል።»

ድንቡሼ የምታየው ቦታ አጣች። አቡሽ ውኃ ጠጣ፣ ሳህኑን ራሱ አንስቶ ወደ ማድ ቤት ወሰደ። ሬዲዮው ዜናውን ያወራል፦ በስታዲየሙ አካባቢ የዘፋኞቹ ደጋፊዎች በቦታ ተጣልተው እርስ በርስ ተጎዳድተዋል፤ ፖሊስ ደርሶ አረጋግቷል።

እናታቸው ለመታጠብ ስትገባ አቡሽ ድንቡሼ ክፍል መጣ። በሩን ዘጋና ተደግፎ ቆመ። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በብስክሌት ኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ሂሳብ ያስጠናት፣ የሰፈር ጎረምሳ ሲለክፋት ሄዶ የተደባደበላት እሱ ነው።

«ማንም ቢጠይቅሽ ከሰዓት በኋላ እቤት ነበርኩ።»

«ጣቶቹ ተቆረጡ፣ አቡሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምንድነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «አንቺ አይገባሽም። ከምርጫው በኋላ ሥራ ይሰጠናል ተብለናል፣ ሁላችንም። እዚያ ቆሜ ፌሮ ይዤ፣ ሁሉም እያየኝ... ምን ላድርግ? አቦ ተይኝ። አንቺን አውጥቼሻለሁ አይደል? ባላወጣሽ ተረጋግጠሽ ነበር።»

«አዎ፣ አውጥተኸኛል» አለች ድንቡሼ። «እሁድ በየት በር ነው የሚገቡት ብለህ የጠየቅኸኝ ፊርማ ለማስፈረም አልነበረም።»

አቡሽ የበሩን እጀታ ያዘ።

እሁድ እለት ስትነግረው ኩራቷ ለጉድ ነበር። ዋናው በር ይጨናነቃል ተብሎ በጓሮ በር፣ በእንጨት ቤቶቹ በኩል እንደሚገቡ የሚያውቁት ከከተማው ሰው ሁሉ የክበቡ ልጆች ብቻ ነበሩ።

«አንቺም በመኪናው ትመጪያለሽ ብዬ አላሰብኩም» አለ በመጨረሻ። «ባውቅ አስቀርሽ ነበር።» በሩን ከፈተና፣ ሳያያት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «እኔን ከጠየቁኝ ግን በሩን ማን ነገረህ ይሉኛል። ያኔ ምን እላለሁ? አስቢበት።»

*

ጠዋት ትምህርት ቤት ብላ ወጥታ ሆስፒታል ሄደች።

የቀሩት ስድስቱ ዘፋኞች ግቢው ውስጥ፣ በተከራዩት አሮጌ አውቶቡስ ላይ ዕቃ ይጭናሉ። አንዷ ክንዷ በጀሶ ነው። ወደሚቀጥለው ከተማ ሊሄዱ ነው። «ድራም የለንም» ትላለች ስልክ ላይ፤ «አዎ፣ እናጨበጭባለን። ሰዉም ያጨብጭብ።»

ድራመሩ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑን ደፍኖታል፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ሸሚዟን አይቶ አወቃት።

«ከአምስቱ ነሽ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ሁላችሁም ወጣችሁ?»

«ሁላችንም ወጣን።»

«ጥሩ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ድንቡሼ ይቅርታ ልትለው መጥታ ነበር። ምን ብላ ትጀምር?

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንዲት ጠበቃ ጠረጴዛ ዘርግታለች። ዘፋኞቹን ወክላ ለምርጫ ቦርዱ የምስክር ቃል እየሰበሰበች ነው፤ ከጠረጴዛው ፊት ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። ያዩት ሁሉ ወይ ጭስ ዓይናቸውን ጋርዶት ነበር፣ ወይ ነጭ ኮፍያ እንጂ ፊት አላዩም፣ ወይ ፈርተዋል። አራቱን የክበብ ልጆች ወላጆቻቸው ከቤት እንዳይወጡ ከልክለዋቸዋል። ከግንብ ላይ ሆኖ ያየ ድንቡሼ ብቻ ናት።

እናቷን አንሶላ የሚታጠፍበት ክፍል ውስጥ አገኘቻት። በሩን ዘግታ ነገረቻት። ሁሉንም፤ እሁድን፣ ግንቡን፣ ፌሮውን፣ ማታ በሩን ተደግፎ ያላትን።

እናቷ በጥፊ መታቻት። ጆሮዋ ጭው አለ። እናቷ እጇን ዝቅ ሳታደርግ እንደቆመች ቀረች፤ ከዚያ ያንኑ እጅ ወደ አፏ ወሰደች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እናቴ፣ ሁለት ጊዜ ነው የመታው። ኮፍያው ወድቆ ነበር።»

እናቷ በአንሶላው ክምር ላይ ተቀመጠች። ውጭ አውቶቡሱ ሲነሳ ሞተሩ መስታወቱን አንቀጠቀጠው።

«ማታ ጎኔ ቁጭ ብሎ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። የድንቡሼን አንገትጌ አቃናች። «ጠበቃዋ ጋ ሂጂ አልልሽም። ተይውም አልልሽም። እኔ አልችልም፤ ሁለታችሁም ከዚህ ሆድ ነው የወጣችሁት። ብትሄጂ ግን ስትጨርሺ ደጅ አትጠብቂኝ፣ የግቢውን በር በረኛው ይከፍትልሻል፤ እኔ የዚያን ልጅ ፋሻ መቀየር አለብኝ።»

ድንቡሼ ጉንጯ እየጋለ ኮሪደሩን ጨረሰችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠበቃዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«ከየት እንጀምር፣ የኔ እህት?»

«ከእሁድ» አለች ድንቡሼ። «በየት በር እንደሚገቡ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ጠበቃዋ ጻፈች። አላቋረጠቻትም፤ አንድ ሁለቴ ብቻ «ቀስ በይ» አለቻት። ፌሮው ላይ ሲደርሱ ብዕሯን አቆመች።

«ፊቱን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ታውቂዋለሽ?»

«ታላቅ ወንድሜ ነው» አለች፤ ሙሉ ስሙንም፣ ከአባታቸው ስም ጋር፣ ጠበቃዋ እንድትጽፈው ቀስ ብላ ተናገረች።

ጠበቃዋ ጽፋ ስትጨርስ ብዕሩን አስቀመጠች። «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» አለች። «የምናስጠጋሽ ቤት አለን። ከዚሁ መሄድ ትችያለሽ።»

ድንቡሼ ይህን አላሰበችበትም ነበር። በክፍሉ በር በኩል የእናቷ ጀርባ ይታያል፤ በድራመሩ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የቆሸሸውን ፋሻ ትፈታለች።

«እቤቴ ነው የማድረው» አለች። «ይሄ ወረቀት ቦርዱ ጋ መቼ ይደርሳል?»

«ነገ ጠዋት።»

«እንግዲያው አቡሽ ዛሬ ከእኔ ይስማው» አለችና የምትፈርምበትን ቦታ ጠየቀች።