ከስቱኮው ሥር

ሰላማዊት ባሏን ለምሳ ልትጠራ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ስትገፋ መጀመሪያ ያየችው ጫማዎቹን ነው። ከቀዩ መኪና ሥር ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ወጥተዋል።

«ከፍዬ፣ ምሳው ቀዘቀዘ እኮ።»

ጫማዎቹ አልተነቃነቁም። ጎንበስ ስትል ክሪኩ በጎኑ ወድቆ፣ የመኪናው ሆድ ባሏ ደረት ላይ ተጭኖ አየች። የጮኸችውን ጩኸት እሷ አታስታውሰውም፤ ጎረቤት ግን አጥር ዘሎ የገባው እሱን ሰምቶ ነው።

ከፍያለው ተክለማርያም ዲላ መሀል መድኃኒት ቤት ነበረው። ልቡ ያለው ግን እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነበር። አባቱ በንጉሡ ዘመን ይነዱት የነበረውን ባለሁለት በር አልፋ ሮሜዮ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ከዛገበት የቡና መጋዘን አውጥቶ እንደ በሽተኛ ሲያስታምመው ከርሟል። ዝገቱን ፍቆ፣ ሞተሩን ፈትቶ ገጥሞ፣ መቀመጫውን ቆዳ አልብሶ፣ ቀለሙ ብቻ ሲቀረው ያው መኪና ተጫነው።

«አደጋ ነው» አለ የተሰበሰበው ሰው። ኢንስፔክተር ገመቹ ግን አደጋ ነው አላለም፤ አይደለምም አላለም።

ኢንስፔክተሩ ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ገጠር ከቡና ገበሬ ቤት የተወለደ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ የለመደ ሰው ነው። ዕድሜው አምሳ እየተጠጋ እንኳ ወንዴና ሴቴ ይምታታበታል፤ የዲላ አራዳ በዚህ ይቀልድበታል። ቸኩሎ አይናገርም። ሰው ሲያወራ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

አስከሬኑ ሳይነሳ ዙሪያውን ቃኘ። ግድግዳውን ተደግፈው ወደቆሙ ሁለት አጫጭር ግንዶች አመለከተ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ክሪኩን አያምነውም» አለች ሰላማዊት። «ግንዶቹን ከሥር ሳያስገባ መቼም አይተኛም።»

«ዛሬ ግን ከሥር የሉም።»

ተንበረከከና የሟቹ ሱሪ ላይ፣ ቅልጥሙ አካባቢ፣ የደረቀች ግራጫ ጠብታ በጥፍሩ ነካካ። አሸተታት።

«ስቱኮ ነው» አለችው። «የተጎዳ ላሜራ የሚሞሉበት። ቶሎ ነው የሚደርቀው።»

«ሱሪውስ?»

«ትናንት አጥቤ ተኩሼለት ዛሬ ጠዋት ነው የለበሰው።»

ኢንስፔክተሩ ከጠብታዋ ቀና አለ። ልክ በላይዋ የቀኙ ፓራፋንጎ ነው፤ የፊት ጎማውን የሚሸፍነው ላሜራ። ሰፋ ያለ ግራጫ ልጥፍ ነበረበት።

«አደጋ ካልሆነ እንግዲህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም» አለ ከበር ላይ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነብዩ። ቡና ነጋዴ ነው፤ ከገደብ በተጠራበት እግሩ ገና መድረሱ ነበር። «ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰላም፣ ምን ነበር ጭቅጭቁ? ለምን አትነግሪያቸውም?»

ኢንስፔክተሩ ሰላማዊትን አያት፤ እሷም መሬት መሬት አየች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት አብሯት ተቀመጠ። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ትደነግጣለች። ከቀብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ ደግሞ ባሰባት። ጋራዡ ውስጥ ከከፍያለው ጋር የሚገቡ የሚወጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። አንዱ ነብዩ ነው፤ መኪናው አዲስ አበባ ላለ ሰብሳቢ ይሸጥ እያለ ወንድሙን ሲነዘንዝ የኖረ። ሁለተኛው የመለዋወጫ ነጋዴው ሸምሰዲን። ሦስተኛው ጋሽ ሰብስቤ ነው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ የአባትየው ሾፌር የነበረ፣ አሁን በመኪና ላሜራ ቀጥቃጭነት የሚተዳደር፣ ፀጉሩ የነጣ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ውሃ እንኳ ቅመሺ እንጂ» ብሎ ጋሽ ሰብስቤ ብርጭቆ ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። ነብዩ ምግብ ሲያቀርብላትም እንደዚያው ሆነች። ከመካከላቸው አንዱ ነው፤ ወይም አደጋ ነው፤ ወይም ደግሞ ሁሉም እሷ ናት ብለው አምነዋል። የቱ እንደሚያስፈራት ለራሷም አልታወቃት። በልቧ «እመቤቴ፣ አትለይኝ» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘችም።

ኢንስፔክተር ገመቹ ነጠላውን አጣፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ባልሽ ብቻውን ሲሆን እንዴት ነበር የሚሠራው?»

ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ቃጣት።

«ያወራል። ከመኪናው ጋር። ‹አባባ› ነው የሚለው፤ የአባቱ ስለሆነ። ‹ይነሱ እንጂ አባባ›፣ ‹ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ?› ይለዋል፤ አንድም ቀን አንቱታውን አይተውም። ሰው ፊት ግን በጭራሽ! ያፍራል። ሰው ከመጣ ዝም ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነው የምሰማው።»

«ሌላስ የሰማ አለ?»

«ማንም።»

ራሱን ነቀነቀና ተነሳ። ከድንኳኑ ጥግ ሸምሰዲንን ሲያናግረው ሰላማዊት ጆሮዋን ጣለች።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ በሞተበት ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የመስኮት ጎማ ይዤለት መጥቼ ነበር። በሩን ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ስቱኮ ይሸታል፣ ከውስጥ መፋቂያ ሲንኳኳ ይሰማል። ሥራ ይዞታል ብዬ ተመለስኩ።»

«ስትጠራው ምን አለ?»

«ምንም። እንደውም ስጠራው ድምፁ ቀጥ አለ። ተቀይሞኝ ይሆን ስል ነበር።»

ሰላማዊት ያን ጊዜ ገበያ ነበረች። ከፍያለው ለሸምሰዲን በር ሳይከፍት ቀርቶ አያውቅም።

ጋሽ ሰብስቤ ተራው ሲደርስ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ።

«ጠዋት ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ወናጎ ልሄድ በአጥሩ ጥግ ሳልፍ ሰማሁት። ብቻውን ሞተሩን ሊያስነሳ ይታገላል። ‹ተነሺ እንጂ የኔ ሸጋ፣ ዛሬስ አታሳፍሪኝ› ይላል። ስቄ አለፍኩ። እንደዚያ እየሳቅሁ ጥዬው ሄድኩ!»

«እርግጠኛ ነዎት? ድምፁ እሱ ነበረች?»

«እሱ ነበር ነው የሚባለው» አለ ነብዩ ከጎን። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ ጋሽ ሰብስቤ። «ከዚያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወናጎ ዘመድ ቤት ምሳ ስበላ ያየኝ ሰው ብዙ ነው።»

ሰላማዊት የሆነ ነገር እንደ ጠጠር ጥርሷ ላይ ቆረቆራት፤ ምን እንደሆነ ግን ፍርሃቱ አላሳስባት አለ። የገባት ሌላው ነው። ከፍያለው ስድስት ሰዓት ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ከገበያ ተመልሳ ግቢው ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ነብዩም ይህንኑ አስቦ ነው መሰል ቀና ብሎ አያት።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ሳይጠይቃት ተናገረች።

«ዓርብ ዕለት ከጋራዥ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ‹አባቴ ዋሽተውኛል› አለኝ። ድሮ በንጉሡ ጊዜ፣ ወናጎ መንገድ ላይ አንድ ሰው በቀይ መኪና ተገጭቶ ሞቶ ነበር። ገጪው አልቆመም። ሰው ሁሉ አማቴን ነው ያማው። እሳቸው መኪናው ያን ቀን ከመጋዘን አልወጣም ብለው እንደማሉ ሞቱ። ከፍያለው ይሄን መኪና የሚጠግነው ስማቸውን የጠገነ እየመሰለው ነበር። ምን እንዳየ አልነገረኝም። ‹የወናጎዎቹን ቤተሰብ ፈልጌ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ› ሲል ግን እኔ ‹የሞተ አባትህን አታዋርድ፣ ዝም በል› ብዬ ጮህኩበት። ጭቅጭቁ ይሄ ነው። ጉዳቸው እንዳይወጣ ብዬ ነው የደበቅኩት።»

«ለማን ሊናገር ነበር?»

«መጀመሪያ ለጋሽ ሰብስቤ። መኪናውን እሳቸው ያውቁታል ብሎ።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ጋሽ ሰብስቤ እንኳ ያን የቀኙን ፓራፋንጎ አትንካው፣ ጤነኛ ላሜራ ነው፣ ብለው ከልክለውት ነበር።»

«ሠልስቱ ላይ አራታችሁንም ጋራዥ ውስጥ እፈልጋለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ።

የሠልስቱ ጸሎት እንዳበቃ ተሰበሰቡ። መኪናው አሁን በአራት እግሩ ቆሟል። ሰላማዊት በሩ መቃን ላይ ተደገፈች። በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ ማንን ሊወስዱ እንደመጡ አላወቀችም።

«ከፍያለውን ክሪኩ አልገደለችውም» አለ ኢንስፔክተር ገመቹ።

«አልገደለውም» አለ ነብዩ በሹክሹክታ።

«ግንዶቹን ሰው አውጥቶ ግድግዳ አስደግፏቸዋል። ክሪኩንም ሰው ነው የጣለው። ከዚያ ያ ሰው አልሸሸም። ቆሞ ሠራ። እዚች ጋ ስቱኮ ለጠፈ።» ፓራፋንጎውን በመዳፉ ነካው። «ጠብታው የሟቹ ቅልጥም ላይ ወድቋል። ሰው መኪና ሥር ተኝቶ ከላይ ስቱኮ መለጠፍ አይችልም። ስለዚህ ከፍያለው ከሥር ሲሆን፣ ሌላ ሰው በላዩ ቆሞ ይለጥፍ ነበር። ሸምሰዲን ሲያንኳኳ የሰማው እሱን ነው።»

ሸምሰዲን «ያ አላህ!» ብሎ ወደኋላ ተፈናጠረ። «ሬሳው ከሥሩ እያለ?»

«ከሥሩ እያለ። ጠዋት ነው እንግዲህ የሞተው። ጠዋት ሰላማዊት ገበያ ነበረች፤ ያዩዋት አሉ። ነብዩ ገደብ ቡና ሲያስጭን ነበር፤ እሱንም ጠይቄያለሁ። ግን ስድስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር የሚል አንድ ሰው አለ።»

ሁሉም ዞረው ጋሽ ሰብስቤን አዩት።

«የሰማሁትን ነው የተናገርኩት» አለ ሽማግሌው።

«ምን ነበር የሰሙት? ይድገሙልኝ እስቲ።»

«ተነሺ እንጂ የኔ ሸጋ። ነገርኩዎት እኮ።»

ሰላማዊት ያ ጠጠር ምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ሳታስበው ጮኸች።

«ተነሺ አይልም! ከፍዬ ተነሺ ብሎት አያውቅም!»

«እኔ አማርኛ ስማር» አለ ኢንስፔክተሩ ድምፁን ሳያነሳ «አንተን ከአንቺ እየቀላቀልኩ መምህሩ ብዙ ገርፎኛል። ዛሬም ይምታታብኛል፤ ነብዩ ምስክር ነው። ስለዚህ ሰው አንቺ ሲል፣ አንተ ሲል፣ እርስዎ ሲል፣ እናንተ ጆሯችሁን የሚያልፈው እኔን ያቆመኛል። ከፍያለው ብቻውን ሲሆን ይሄን መኪና ‹ይነሱ አባባ› ነበር የሚለው። ሰው ሲኖር ደግሞ ዝም ይላል። ጋሽ ሰብስቤ፣ እርስዎ ከገቡ ሰው አለ ማለት ነው፤ ዝምታውን ነው የሚያውቁት። ሰው የሚወዳትን መኪና ምን ይላታል ብለው ከራስዎ ፈጠሩ።»

ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ መፋቂያ አንስቶ ዘረጋለት።

«የእጅዎ ሥራ ነው። እርስዎ ይፋቁልን።»

ጋሽ ሰብስቤ መፋቂያውን ተቀበለ። ወደ ፓራፋንጎው ቀረበ። እጁ ከስቱኮው ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ መፋቂያው ከእጁ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ።

ነብዩ አነሳና ራሱ ፋቀው። ግራጫው ልጥፍ እየተሰነጠቀ ረገፈ። ከሥሩ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ተቀጥቅጦ ሙሉ በሙሉ ያልወጣ፣ የቆየ ጎድጓዳ ብቅ አለ።

«አባባ ናቸው እንግዲህ» አለ ነብዩ። «እውነት ነው የታሙት።»

«አባትህ ሞተዋል» አለ ኢንስፔክተሩ። «የሞተ ሰው ይሄ ይታይብኛል ብሎ አይፈራም። የመጋዘኑ ቁልፍ ያን ጊዜ ማን ጋር ነበር?»

ጋሽ ሰብስቤ ግንዶቹ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ ጋ» አለ። «ጌታዬ አዲስ አበባ ሄደው ሳለ ነው ያወጣሁት። ወጣት ነበርኩ። መንዳት ብቻ ነበር የፈለግሁት… ሰውየው ከየት እንደገባብኝ አላየሁም። ቀጥቅጬ፣ ሞልቼ፣ ቀለም ቀባሁት። እሳቸው ሲታሙ ዝም አልኩ። ከፍያለው ቅዳሜ ጠዋት ጠርቶኝ ይሄን አሳየኝ፤ ‹አባቴ ናቸው ለካ ጋሽዬ› እያለ አለቀሰ። እኔን አልጠረጠረም። ወናጎ አብረን እንሂድ አለኝ። እዚያ የዚያን ቀን ያዩኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። ‹ፍሬኑን አይቼ ልውጣ፣ ከዚያ እንሄዳለን› ብሎ ገባ። እኔን አምኖ።»

«ግንዶቹንስ?» አለች ሰላማዊት። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

«ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ‹ጋሽዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?› አለኝ።»

ፖሊሶቹ ደግፈው ወሰዱት። ነብዩ ሰላማዊት ፊት ቆሞ ብዙ ሊል አስቦ «ይቅር በይኝ» ብቻ አለ። ኢንስፔክተር ገመቹ ሊወጣ ሲል በሩ ጋ ቆም ብሎ «ደህና ሁን እህቴ» አላት። የሚያርመው ሰው አልነበረም።

ብቻዋን ስትቀር ፍርሃቱ ወዲያው አልለቀቃትም። ከመኪናው ራቅ ብላ ቆማ አየችው፤ ባሏን የተጫነውን ሆድ፣ የተፋቀውን ላሜራ። ነብዩ ከውጭ «ያን ጎድጓዳ ላስሞላው ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

«አይሞላም» አለች። «ወናጎ ወስደን እናሳያቸዋለን። እንደዚሁ።»

ከዚያ ቀስ ብላ ቀረበችና መዳፏን ቀዝቃዛው ጎድጓዳ ላይ አሳረፈች።

«አልዋሹም ነበር፣ አባባ» አለችው። «ልጅዎ ሳይሰማ ቀረ እንጂ።»