የተከበሩ ቁንጫ

«ወንድምሽ ዛሬም ቀረ? ምን ሆኖ ነው?» አለቻት የክፍል ኃላፊዋ መምህርት።

«ጉንፋን ይዞት ነው።»

ምላሷ ለምዶታል። እናቷ «ለጠየቀሽ ሁሉ ጉንፋን ነው በይ፤ ገመናችንን ለሰው እንዳታወጪ» ካለቻት ወዲህ ጉንፋኑ ወር አልፎታል።

ጉድ የሆነ ጉንፋን ነው፤ አያስነጥስም፣ አያስልም። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ ያስገቡለት ሳህን እንደሞላ ይወጣል። ድሮ ጠዋት ጠዋት በሯን በእግሩ እየደለቀ «አንቺ ቁንጫ፣ ተነሽ!» እያለ ያሳብዳት ነበር። ትንሽ ስለሆነች ነው እንዲህ የሚላት፤ እሷም ይህን ቅጽል ስም ስትሰማ ደሟ ይፈላ ነበር። አሁን ግን አንዴ ብቻ ቁንጫ ቢላት ምን አለበት? አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ እንደሚናፈቅ አታውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት በተራዋ በሩን በእግሯ ደለቀችው።

«ተነስ እንጂ! ጉንፋኑ አልለቀቀህም?»

«ጉንፋን በሆነ» አላት፣ ፊቱን ሳያዞር። «ጉንፋንማ ይድናል።»

ከዚያ ወዲህ ይቺ ንግግር ከጆሮዋ አልወጣችም።

በእረፍት ሰዓት እግሯ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎን ወሰዳት። እዚያ «የምክር ክፍል» ተብሎ የተጻፈባት ጠባብ ክፍል አለች። በየትምህርት ቤቱ የልጆች የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲኖር የሚያዘው ሕግ ከጸደቀ በኋላ ነው የተከፈተችው። የሥነ ዜጋ መምህሩ እንዳስረዷቸው፣ በአዲሱ ሕግ ወላጅ ባይፈርምም ልጅ ራሱ ገብቶ መናገር ይችላል። ችግሩ፣ አንዱ ቀልደኛ ክፍሏን «ምክር ቤት» አላት፤ በማግስቱ «ፓርላማ» ሆና አረፈችው። እዚያ የገባ ተማሪ እስኪመረቅ «የተከበሩ» እየተባለ ይኖራል። ታዲያ ማን ይግባ?

በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ሳቅ ፈነዳ።

«የተከበሩ ቁንጫ! ስብሰባ አለ እንዴ?»

ወንድሟ መሰላት። ልቧ ዘለለና ዞር አለች፤ የጮኸው ግን ሌላ ተማሪ ነበር፤ ቅጽል ስሟን ከወንድሟ ሰምቶ መሆን አለበት። እንባዋ መጣባት። እሱ ቢሆን ኖሮ አለች በልቧ፤ ምናለ እሱ በሆነ!

አንኳኩታ ገባች።

«ነይ የኔ እህት፣ ቁጭ በይ» አለቻት ባለሙያዋ ወንበር እየሳበችላት። «ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁም። ወንድሜ ነው።»

«ምን ሆነ?»

ጉንፋን የሚለው ቃል እንደልማዱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ተነስታ በሩን በደንብ ዘጋችና ተመልሳ ተቀመጠች።